ሙቀት በክብደት

ሰዎቹ፦
ዶላሞ፦ የጂንካ ሰው። የማያውቀው ነገር የለም፤ ይህንንም የሚናገረው ራሱ ነው።
ኤርጎ፦ የወይጦ ልጅ። ሚስት ሊያገባ አስቧል፤ ከቆላ ወደ ደጋ ወጥቶ ግን አያውቅም።

(ጂንካ፣ ቅዳሜ ገበያ፣ ጠራራ ፀሐይ። ኤርጎ ከጥሩብርሃን የሰልባጅ መደብ ላይ ውስጡ በስሱ ጥጥ የተሞላ ጃኬት አንስቷል። ዶላሞ ለሁለት ሰው የሚበቃ የሸራ ካፖርት ታቅፏል። ክርክሩ ከጀመረ ስለቆየ ጥሩብርሃን ተስፋ ቆርጣ እንቅልፍ ወስዷታል።)

ዶላሞ፦ አስቀምጠው ብዬሃለሁ! ይሄ ጃኬት አይደለም፣ ትንፋሽ ነው!

ኤርጎ፦ ቀለል ብሎኝ ነው ጋሼ።

ዶላሞ፦ ቀላል ነገር መቼ ሞቆ ያውቃል? ሙቀት ክብደት አለው! ፍልጥ ከባድ ነው፤ ያሞቃል። ገለባ ቀላል ነው፤ ቦግ ብሎ ይጠፋል።

ኤርጎ፦ ድንጋይስ?

ዶላሞ፦ ድንጋይ ምን ሆነ?

ኤርጎ፦ ከባድ ነው። ወይጦ ሲቀመጡበት ይፋጃል።

ዶላሞ፦ ተመስገን፣ ገባህ!

ኤርጎ፦ የምንሄድበት ገሊላ ደጋም ድንጋዩ ይፋጃል?

ዶላሞ፦ ተወው ድንጋዩን! ሰኞ ዘሪቱን ልጠይቅልህ ገሊላ ደጋ እንወጣለን። አባቷ ጋሽ ቦሼ ለቆላ ሰው ልጄን አልሰጥም ያሉት ለምንድን ነው?

ኤርጎ፦ ሁላችንም ወባ ያለብን ይመስላቸዋል።

ዶላሞ፦ ፊታቸው ቆመህ ብትንቀጠቀጥስ?

ኤርጎ፦ ወባ ነው ይላሉ።

ዶላሞ፦ ዘሪቱስ?

ኤርጎ፦ ቀረችብኝ። እሷን ካጣሁ እኔ ሰው አልሆንም ጋሼ። ግን... ብርድ ምን ዓይነት ነገር ነው?

ዶላሞ፦ ብርድ አታውቅም?

ኤርጎ፦ ወይጦ መጥቶ አያውቅም።

ዶላሞ፦ ያንዘፈዝፍሃል። ጥርስህን ያንገጫግጭሃል። አጥንትህ ድረስ ይዘልቃል።

ኤርጎ፦ እሱማ ወባ ነው! ክሎሮኪን ይዤ እሄዳለሁ።

ዶላሞ፦ (እየሳቀ) ለብርድ ክሎሮኪን! ጌታ ሆይ፣ ትዕግሥት ስጠኝ! በል በሳይንስ ላሳምንህ፤ ቀበሌ የውይይት ክበብ የተቀመጥኩት ለከንቱ አይደለም። ከሆቴሉ ፍሪጅ ሁለት ለስላሳ አምጣ!

(ኤርጎ ሮጦ ያመጣል። ዶላሞ አንዱን ጠርሙስ በጃኬቱ፣ ሌላውን በካፖርቱ ጠቅልሎ ፀሐይ ላይ ያስተኛቸዋል። ሁለቱም እንደ አስታማሚ አጠገባቸው ቁጭ ይላሉ። ገበያተኛው ሁሉ «ምን ነካቸው?» እያለ ያልፋል። አንገታቸው በላብ ሲርስ ዶላሞ ጥቅሉን ይፈታል።)

ዶላሞ፦ የካፖርቱን ቅመስ!

ኤርጎ፦ እፍ! ሻይ ሆኗል።

ዶላሞ፦ የጃኬቱንስ?

ኤርጎ፦ ወይኔ ጥርሴን! አሁንም ቀዝቃዛ ነው።

ዶላሞ፦ ተፈረደ! ካፖርቱ ሙቀት ስላለው ጠርሙሱን አሞቀው። ጃኬቱ ግን ብርድ አለበት!

ኤርጎ፦ ጠርሙሱ ቀድሞውንም በርዶ ነው እኮ የገባው።

ዶላሞ፦ በርዶ ገባ፣ በርዶ ወጣ! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?

ኤርጎ፦ (ብዙ አስቦ) እንግዲያው ጃኬቱን ልውሰድ።

ዶላሞ፦ ምን አልክ?

ኤርጎ፦ እኔ የወይጦ ሰው ነኝ። ሞቄ እገባለሁ፣ ሞቄ እወጣለሁ።

ዶላሞ፦ ጠርሙስ ነህ እንዴ አንተ? በል እንግዲህ፣ ካፖርቱን እኔ ለብሼው አሳይሃለሁ! ስትንዘፈዘፍ ስጠኝ እንዳትለኝ!

(ሰኞ። ገሊላ፣ የጋሽ ቦሼ ደጅ። ጉሙ አጥሩን ውጦታል። ዶላሞ ያንን ካፖርት ከጂንካ ጀምሮ ለብሶ ያን ሁሉ ዳገት ስለወጣ ላቡ ሸራውን አርሶታል፤ አሁን ሁሉም በላዩ ላይ በርዷል። ኤርጎ ጃኬቱን አጣጥፎ በብብቱ ይዞ መጥቶ ደጁ ሲደርስ ነው የለበሰው።)

ዶላሞ፦ አ-አንተ ልጅ... አል-አልበረደህም?

ኤርጎ፦ ብርዱ ገና አልመጣም መሰለኝ ጋሼ። እንዴ! እርስዎ ይንቀጠቀጣሉ!

(በሩ ይከፈታል። ጋሽ ቦሼ ይወጣሉ።)

ቦሼ፦ እንደምን ዋላችሁ? ምነው እኚህ ሰው? ብርድ ነው?

(ዶላሞ ካፖርቱን ያያል። የኤርጎን ጃኬት ያያል። ከውርደት ሞት ይሻላል ብሎ ይቆርጣል።)

ዶላሞ፦ ብ-ብርድ? ይህን የመሰለ ካፖርት ለ-ለብሼ? ወ-ወባ ነው!

ቦሼ፦ ጉድ እኮ ነው! የጂንካው ሽማግሌ ወባ ይዟቸው የወይጦው ልጅ ቀጥ ብሎ ቆሟል! እኔስ በከንቱ ነው ቆላን የማማው። ግባ ልጄ፣ እሳት ዳር ተቀመጥ። ሽማግሌ እኛም አለን፣ እናውስሃለን።

ዶላሞ፦ እ-እኔስ?

ቦሼ፦ ትኩሳት ያለበት ሰው እሳት ዳር አይቀርብም። ነፋሱ እንዲያገኝዎት እዚሁ ደጅ አረፍ ይበሉ።

(ቦሼ ይገባሉ። ኤርጎ ከኪሱ ክሎሮኪን አውጥቶ ለዶላሞ ይሰጠዋል። ዶላሞ ፊቱን አጨፍግጎ ያለ ውኃ ይውጠዋል።)

ዶላሞ፦ ኤ-ኤርጎ፣ በእግዚአብሔር... ጃ-ጃኬቱን!

ኤርጎ፦ (ከልቡ አዝኖ) ታመው ሳሉ እንዴት አድርጌ ጋሼ? ብርድ አለበት ብለውኝ የለም!

(ገብቶ በሩን ይዘጋል።)