«ሥራ» በሚለው ቦታ ምን ይጻፍ?

በየቀበሌው ደጃፍ አንድ ቃል መራጭ ሰው አለ። ያለ እሱ ጽሕፈት ቤት የሚከፈት አይመስለኝም። የፈለጋችሁት አገር ሂዱ፤ ከበሩ ጎን አንድ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ኋላ ደግሞ «ቆይ፣ ቆይ፣ እሷ ቃል አትሆንም» የሚል ሰውዬ ታገኛላችሁ። የእኛ የሰቆጣው ክቡር አቶ ደጅይጥኑ ይባላሉ። ለባለጉዳይ ማመልከቻና ቅጽ የሚሞሉ ራፖር ጸሐፊ ናቸው፤ ራፖር ጸሐፊ ሲሏቸው ግን ይቆጣሉ። «ራፖርማ ፖሊስም ይጽፋል» ነው መልሳቸው።

እኔ ካሤ እባላለሁ፤ የቀበሌውን የነዋሪዎች መዝገብ የምጽፈው እኔ ነኝ። የእሳቸው ጠረጴዛ ከመስኮቴ ሥር ስለሆነ ስድስት ዓመት ሙሉ ምን እንደሰማሁ ፈጣሪ ያውቃል። ሰው ስሙን ሲነግራቸው ዝም ብለው ይጽፋሉ። ዕድሜውን፣ የእናቱን ስም፣ ሁሉንም ይጽፋሉ። «ሥራ» የሚለው ቦታ ሲደርሱ እስክሪብቷቸው ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ሰልፉም ይቆማል፣ የእኔም ቀን ይቆማል።

ሐሊሜ የምትባል ሴት የሱቋን ፈቃድ ልታሳድስ መጥታ «ነጋዴ ብለው ይጻፉኝ» ብትላቸው፣ ነጋዴ ማለት አገር ላገር ዕቃ የሚያመላልስ ነው፣ አንቺ ቸርቻሪ ነሽ አሏት። ቸርቻሪ መባሉ ደስ አላላትም። እሺ ባለሱቅ ይበሉኝ ብትል፣ ሱቁ የኪራይ አይደለም ወይ፣ ታዲያ «ባለ» የምትባይው በምን ሒሳብ ነው ብለው ግማሽ ቀን አቆሟት። በመጨረሻ ወረቀቱን ነጥቃ ራሷ ሞልታው ሄደች።

ከጋዝጊብላ በእግሩ የመጣ ጎረምሳ ደግሞ የሥራ ማመልከቻ ሲያጽፍ «ሥራ ፈት ነኝ» ቢላቸው ጠረጴዛውን መቱት። ሥራ ፈት ማለት ሥራውን ትቶ የተቀመጠ ነው፤ አንተ ፈልገህ ነው ያጣኸው፤ ስለዚህ ሥራ አጥ ነህ አሉት። «አንደኛው ስድብ ነው፣ ሁለተኛው አቤቱታ ነው። ራስህን አትሳደብ።» ልጁ ያገኘው ሥራ የለም፤ ቃሉን ብቻ ይዞ ተመለሰ።

እኔ በዚህ ሁሉ ስስቅ ኖሬያለሁ። ሳቄ የቆመው በማንጠግቦሽ ጊዜ ነው።

ማንጠግቦሽ የአበርገሌ ሰው ናት፤ ከኒሯቅ ወዲያ ማሽላ እያረሰች፣ ፍየል እያረባች የኖረች። ዝናቡ ሁለት ዓመት ቀረ፣ ፍየሎቹ አለቁ፣ እሷም ባንቺ የምትባል አንድ ልጇን ይዛ ሰቆጣ ገባች። ለእርዳታ ስንዴ ስንመዘግብ ተራዋ ደረሰና ምን ትሠሪያለሽ አልኳት። ኽምጣኛ በተጫነው አማርኛዋ እንጨት ለቅማ እንደምትሸጥ ነገረችኝ። እኔም «ነጋዴ» ብዬ ጻፍኩ። ያን ቀን ሰልፉ ረጅም ነበር፣ እርቦኝም ነበር። የእርዳታ ኮሚቴው ዝርዝሩን ሲያጣራ ነጋዴ የተባለውን ሁሉ ገቢ አለው ብሎ ከስንዴው ሰረዘ፤ እናትና ልጅም ተሰረዙ።

አቤቱታዋን ያዘችና ወደ ማን ትሂድ? ወደ ደጅይጥኑ። እኔ በመስኮት ብቅ ብዬ፣ ጋሼ፣ ዛሬስ አይመራመሩ፣ «ችግረኛ» ብለው ይጻፉላትና ትብላ አልኳቸው።

«ካሤ፣ ችግር ሥራ አይደለም» አሉኝ። «ይህቺ ሴት አርሳ የኖረች ናት።»

ተፈናቃይ ይበሏትስ ብላቸው፣ እሱ የደረሰባት ነው እንጂ የምትሠራው አይደለም አሉ። ጻፉ፤ «አርሶ አደር»። ኮሚቴው በወር አንዴ ነው የሚሰበሰብ። ሰቆጣ ውስጥ የምታርሰው መሬት የት አለ ብሎ መለሰው። እሳቸው ያንኑ ቃል በሁለት ገጽ ማብራሪያ አጅበው እንደገና አስገቡ፤ በሁለተኛው ወርም ተመለሰ። ግትር ሽማግሌ ብዬ በሆዴ ረገምኳቸው። በሦስተኛው ወር እኔው ኮሚቴው ፊት ተነስቼ፣ «ነጋዴ» የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ስህተቱ የእኔ ነው አልኩ። ወዲያው ተስተካከለ። ይህቺን ለማለት ለምን ሁለት ወር ፈጀብህ ብትሉኝ፣ ፈርቼ ነው። እንጀራዬን ፈርቼ።

ስንዴው ሲለቀቅ ባንቺ አልነበረችም። ረሃቡ ሲጠናባቸው ደብተሮቿን ለጎረቤት ልጅ ሰጥታ ከደላላ ጋር በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ሄዳለች። ከባሕሩ ዳር አንድ ጊዜ ደወለች። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ የለም።

ዘንድሮ የነዋሪዎችን መዝገብ አዲስ አድርጉ ተባልን። ከስድስት ወር በላይ የሌለ ሰው ይሰረዛል፤ ባንቺ ዓመት አልፏታል። ማንጠግቦሽ ባዶውን ቅጽ ይዛ ከደጅይጥኑ ጠረጴዛ ፊት ቆመች። እኔ ከመስኮቱ አልራቅኩም።

«ስንዴዋን ቁረጡት» አለች። «ስሟን ግን አትሰርዙት።»

እሳቸው ስሟን ጻፉ። ዕድሜዋን ጻፉ። «ሥራ» የሚለው ጋ ሲደርሱ እስክሪብቷቸው ቆመ። እኔም በልቤ ቃላቸውን እደረድር ጀመርኩ፤ ስደተኛ፣ የቤት ሠራተኛ፣ ተጓዥ። ከዚያ የባሰውን ቃል አልደፈርኩትም። ሰልፉ ረጅም ነበር።

ደጅይጥኑ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ስንተኛ ክፍል ናት ብለው ጠየቋት። «ነበረች» አላሉም። ዘጠነኛ አለች። «ተማሪ፣ 9ኛ ክፍል» ብለው ጻፉ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከእጃቸው የወጣ የመጀመሪያው ውሸት ይሄ ነው። ወረቀቱን በመስኮቱ አቀበሉኝ፤ ፊቴን አላዩኝም። አይሆንም እንድላቸው የሚጠብቁ መሰለኝ። እኚህን ደረቅ ሽማግሌ ምን ያህል እንደምወዳቸው ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ ወረቀቱን መልሼ እየሰጠሁ፤ «ዓመቱ እኮ ዞሯል። አሥረኛ ይበሏት።»

ዘጠኙን ሰርዘው አሥር ጻፉ። እኔም ማኅተሙን መታሁበት።