ነጯ ኳስ የት ትደር?

ፑል ቤት የገባ ሁሉ ፑል ይችላል የሚለኝ ሰው፣ ዶሮ ያረደ ሁሉ ቀዶ ሐኪም ነው ብሎ ይጨርስልኝ! የአሶሳን ፑል ቤቶች እዩልኝ እስቲ... ጎረምሳው ዱላውን አንስቶ ኳሷን እንደ እባብ ይቀጠቅጣታል። ገባች? ይፎክራል። ሳተች? ጠረጴዛው ተንጋዷል ይላል። ቀጥሎ ከየት እንደሚመታ ግን አያውቅም። አትሳቁ፤ የእነዚህ ሁሉ አለቃ እኔ ነኝ፣ በዚህ ሽበቴ!

ጎረቤታችን ጌቱ ለልጁ ከባምባሲ ሚስት ሊያስጠይቅ፣ እኔንና የማንጎ ነጋዴውን ሀሩንን ሽማግሌ አድርጎ መረጠን። ታዲያ እዚያ ቤት አፍ የሚከፍተው ማን ነው? ከወሎ ይዤው የመጣሁት ምርቃት ምላሴን ሲበላኝ ከርሟል፤ ሀሩንም "እኔ እናገራለሁ" ብሎ ድርቅ አለ። ክርክሩ ሲከር፣ "በፑል ይለይ! የተሸነፈ ትንፍሽ አይልም" ተባለ። ያልኩት እኔው ነኝ፤ ልብ በሉልኝ።

ቀድሜ መታሁ። ጓ! ገባች። ጓ! ሌላ። አራቱን ስከት ተመልካቹ አጨበጨበ፤ እኔም ሱሪዬን ሰቀል አደረግሁ።

"ወላሂ ኳስ ገባ። ነጩ ግን የት ተኛ?" አለኝ ሀሩን፣ የዱላውን ጫፍ ጠመኔ እየቀባ።

ባይ፣ የምመታባት ነጯ ኳስ ጠርዙ ላይ ተለጥፋለች፤ ፊቷን የሱ ኳሶች ዘግተውታል።

"እሷ ደግሞ ምን አገባት!" ብዬ በሙሉ ጉልበቴ ብለጋት... ራሷ ቀዳዳ ገባች! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ለእኔ የሚለቀምም አልተረፈ። በሕጉ መሠረት ሀሩን ነጯን ደስ ያለው ቦታ አስቀመጣት።

ሰውዬው ግን አይመታም! ጠረጴዛውን ይዞራል። መጀመሪያ ያያት መጨረሻ የምትገባውን ጥቁሯን ነው፤ ከሷ ተነስቶ ወደ ኋላ ይቆጥራል።

"ይሄ ገባ፣ ነጩ እዚያ ይመጣል። ከዚያ ያንን ይመታል። ከዚያ ጥቁር።"

"ምታ እንጂ ሀሩን፣ ልጅቷ ልታረጅብን ነው!"

"አንተ ከመጀመሪያው ትሄዳለህ። እኔ ከመጨረሻው እመጣለሁ።"

ድመት የሚያሻሽ ነው የሚመስለው። ነካ ሲያደርጋት ነጯ ተንከባላ ያላት ቦታ ቁጭ! አንድ በአንድ ጨረሳቸው፤ ጥቁሯማ ድምፅ እንኳ ሳታሰማ ገባች።

እሑድ ባምባሲ ወረድን። ሀሩን ስለ ዝናቡ ጀመረ፤ ከዝናቡ ወደ ማሳው፣ ከማሳው ወደ ልጁ ታታሪነት... የልጅቷ አባት ጥያቄ ባነሱ ቁጥር እኔን ያያሉ። እኔ አፌ የተለጎመው ሰውዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ራሴን እነቀንቃለሁ። ምርቃቴ ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ሊገድለኝ ነው!

በመጨረሻ አባትየው ተነሱ። "ልጄን ሰጥቻለሁ። የተናገሩት ጥሩ ተናግረዋል፤ ልቤን ያሳረፉት ግን ያኛው አባት ናቸው። እንዲህ ያለ ዝምተኛ፣ አስተዋይ ሰው ያለበት ሰፈር ልጄ ብትገባ አይከፋኝም" አሉ፣ ወደ እኔ እየጠቆሙ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ብነግራት ምን አለች መሰላችሁ?

"ሀሩንን ነገ ምሳ ጥራልኝ። ለዚህ ቤትም አንድ ጊዜ ያሸንፍህ!"