የማንም ያልሆነችው የባላምባራስ ቢሆነኝ ውሻ

ከደምበጫ እስከ ቡሬ ባለው አገር ውሻ ያለው ሰው የለም። ሰው ያላቸው ውሾች ግን መንገዱን ሞልተውታል። ይህን የምለው ለጨዋታ ማሳመሪያ አይደለም፤ በየደጃፉ ቆሜ ጠይቄ የደረስሁበት ነው። «ይህ ውሻ የማን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ በሩ ላይ ተጋድሞ፣ የቤቱን አጥንት እየቆረጠመ፣ እናንተን ሊዘነጥል ጥርሱን የሚያሳየው አውሬ የጎረቤት ይሆናል። ጎረቤት ብትሄዱ የመንገደኛ ይሆናል። መንገደኛውም ወደ ባሕር ዳር አልፏል።

የዚህ ነገድ አውራ የፍኖተ ሰላሙ ባላምባራስ ቢሆነኝ ናቸው። የባላምባራስነቱን ማዕረግ ማን እንደሰጣቸው አልመረመርሁም። እኔ በበኩሌ ሌላ ጨምሬላቸዋለሁ፤ በነገረ ውሻ ሊቀ ከሓድያን ናቸው።

በባላምባራስ ጓሮ፣ ከጎተራው ሥር፣ አንዲት ቀይ ሴት ውሻ ትኖራለች። ስም የላትም። ስም ማውጣት ባለቤት መሆን ነውና «ያቺ» ይሏታል። ጅብ አጥር ሲነቀንቅ «ያቺ የት ሄደች?» ይላሉ። ፍርፋሪ ሲተርፍ «ለያቺ ጣሉላት» ይላሉ። ያቺ ሰው የነከሰች እንደሆነ ግን ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው «የቷ?» ይላሉ።

ያቺ በየዓመቱ ትወልዳለች። የባላምባራስን መንፈሳዊነት ያን ጊዜ ማየት ነው! ወንዶቹን ቡችሎች ገበሬው ለጥበቃ እየተሻማ ይወስዳቸዋል። ሴቶቹን ማን ይፈልጋል? ባላምባራስ ነፍስ ማጥፋት የማይሆንላቸው ሰው ስለሆኑ፣ በአቁማዳ ከትተው ወደ ቡሬ በሚሄድ የእህል መኪና ላይ ይጭኗቸዋል። አንድ ቀን አቁማዳው ትከሻቸው ላይ ሲንጫጫ መንገድ ላይ ደረስሁባቸው።

«ባላምባራስ፣ እህልዎ ይጮኻል» አልኋቸው።

«ነፍስ ነው መምህር። ነፍስ አይገደልም።»

«ቡሬ ሲደርሱ በረሃብ ቢሞቱሳ?»

«እሱማ የቡሬዎች ኃጢአት ነው» ብለው አማተቡ።

የቡሬ ሰውም እንዲሁ ነፍስ የማያጠፋ ነውና የራሱን አቁማዳ ወደ ደምበጫ ይልካል። ደምበጫም ወደ ፍኖተ ሰላም ይመልሳል። እንዲህ እየሆነ፣ ማንም ሳይገድል፣ ሁሉም እየማረ፣ ሦስቱ ከተሞች ጎድናቸው በወጣ፣ ቆዳቸው በእከክ በተላጠ መንጋ ተሞሉ። ምሕረት በአቁማዳ ተጭና ስትዞር ያየሁት በእኛ አገር ብቻ ነው።

በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. ክረምት ያቺ የጎረቤታቸውን፣ የመበለቷን የወይዘሮ ካሰችን ባት ዘነጠለች። ወይዘሮ ካሰች ሽማግሌ ላኩ። ባላምባራስ በሽማግሌዎቹ ፊት ተነሥተው፣ ኩታቸውን አጣፍተው፣ «ሚካኤልን! እኔ ውሻ የለኝም» ብለው ማሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ያቺ እግራቸው ሥር ተጋድማ ጅራቷን ትቆላ ነበር። ሽማግሌዎቹ ውሻዋን አዩ፤ ባላምባራስን አዩ፤ በሚካኤል የተማለውን ማን ይመልሳል ብለው ወደየቤታቸው ሄዱ። የወይዘሮ ካሰች ቁስል ደረቀ፤ ቅሬታቸው ግን አልደረቀም። «ካሳ መች ጠየቅሁ?» ይሉ ነበር፤ «አንዲት የይቅርታ ቃል ነው ያጣሁት።»

መስከረም ሲጠባ አንድ እብድ ውሻ ከቆላው ወጥቶ ከብትም ሰውም ነከሰ። የከተማው ሹም አዋጅ አስነገሩ፦ ባለቤት ያለው ውሻ ሁሉ ቅዳሜ ጧት በገመድ ታስሮ ወደ ሹሙ ግቢ ይምጣ፤ ባለቤቱም ራሱ ይዞት በሕዝብ ፊት «የኔ ነው» ይበል፤ ባለቤት ያልተገኘለት ውሻ በመርዝ ሥጋ ይጠፋል።

ዓርብ ዕለት ባላምባራስን ልጠይቅ ሄድሁ።

«እንግዲህ ያቺስ?» አልሁ።

«የቷ?»

«ከጎተራው ሥር ያለችው።»

ጎተራውን ገልመጥ አደረጉ። «መምህር፣ በሚካኤል ምዬ ሳለሁ የኔ ናት ብል፣ ከእንግዲህ ማን ያምነኛል? ማንስ ለምስክርነት ይጠራኛል?»

«እንግዲያው መርዙን ትበላለች።»

«ትብላ! ምን ጨነቀኝ!» አሉ። እንዲህ እያሉ ግን የያዙትን ቁራሽ እንጀራ ወደ ጎተራው ሥር ወረወሩላት።

ቅዳሜ ጧት ያለ በትር የማይታለፍባት ከተማ ጥቂት ውሾች ብቻ አቀረበች። የቀረው ባለውሻ ሁሉ እጁን አጣጥፎ አጥር ሥር ቆሞ ይመለከታል። ሹሙ ሥጋው ያለበትን ባልዲ እንዲያነሡ ዘበኞቹን ሲያዙ በበሩ በኩል ሳቅ ተሰማ።

ባላምባራስ ቢሆነኝ ያቺን በጠፍር እየጎተቱ መጡ። ታስራ የማታውቀው ውሻ አራት እግሯን ተክላ አልሄድም ትላለች፤ እሳቸው ይስባሉ፣ እሷም ትስባለች። ቢቸግራቸው ጎንበስ ብለው አቀፏት። በነጩ ኩታቸው! በዚያ ኩታ ነገ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ ነውና ከአጥሩ ሥር «ኤዲያ!» የሚል ጩኸት ተነሣ።

«የማን ናት?» አሉ ሹሙ።

«የኔ ናት።»

«ኧረ ባላምባራስ! በክረምት ምለው አልነበረም እንዴ?» አለ ከአጥሩ ሥር ነጋዴው ይሄይስ። የእሱ ውሾች ቤቱ ናቸው። ያን ዕለት ማታ መርዙን በልተው ደጃፉ ላይ ወድቀው ሲገኙ፣ «የማን ይሆኑ?» ብሎ ጎረቤቱን ጠይቋል።

«ምያለሁ» አሉ ባላምባራስ። «በሐሰት ነው የማልሁ። ለእሱ ንስሐ አባቴ አሉኝ። ይችን ተዉልኝ።»

ሳቁ ቆመ። ወይዘሮ ካሰች ከሴቶቹ መካከል እያነከሱ ወጡ።

«እኔን የነከሰችኝሳ የማን ነበረች፣ ባላምባራስ?»

ባላምባራስ ውሻዋን አወረዱ፤ ጠፍሩን በግራ እጃቸው ጠመጠሙት።

«እሷም የኔ ነበረች፣ እመት ካሰች።»

ከዚያ ዓይናቸው መሬት መሬቱን ይፈልግ ጀመር። ምን እንደሚፈልጉ ሁላችንም አወቅን፤ በእኛ ዘንድ የበደለ ሰው ይቅርታ የሚለምነው ድንጋይ ተሸክሞ ነው። ከአጥሩ ግርጌ አንድ ደህና ድንጋይ አገኙ። በአንድ እጃቸው ሊያነሡት ሞከሩ፤ እምቢ አላቸው። ጠፍሩን ቢለቁት በሁለት እጃቸው ያነሡት ነበር። አልለቀቁትም፤ ዘበኞቹ ባልዲውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

በሐሰት ለሚምል፣ ቡችላ በአቁማዳ ለሚልክ ሰው አንዳች ክብር የለኝም፤ ይህን ዛሬም እላለሁ። በሰው ፊት ማጎንበስም ልማዴ አይደለም። ድንጋዩን ከመሬት አንሥቼ ትከሻቸው ላይ ያኖርሁላቸው ግን እኔ ነኝ።