በውክልና አቀበት የወጣው ሰንጋ

ተረት ልነግራችሁ ነውና ጆሯችሁን አምጡ። በወኪል የሚሰማ ካለ ግን ከአሁኑ ይነሣልኝ።

ድሮ ድሮ፣ ከአንድ ረጅም ገደል ሥር ባለ ጫካ ውስጥ እንስሳት ይኖሩ ነበር። ሰብሳቢያቸው አያ ሰንጋ ነበር። ለምን እሱ ተመረጠ ቢባል፣ ከሁሉም ወፍራም ስለነበረ ነው። በዚያ ጫካ ውፍረትና ክብር አንድ ይመስላቸው ነበር። እኛም ዘንድ እንዲሁ ነው ብዬ አልናገርም፤ እናንተው ታውቁታላችሁ።

አንድ ዓመት ዝናቡ ቀረና ምንጩ እያነሰ መጣ። ከገደሉ አናት ላይ የማይነጥፍ ኩሬ እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን መንገዱ ቀጥ ያለ አቀበት ነው፤ ጠበብ በሚልበት ቦታ ላይ ደግሞ አያ ጅቦ ከነቤተሰቡ ይኖራል። እዚያ ቆሞ ትንፋሹን የሚሰበስብ ሁሉ የእሱ ምሳ ነው። ስለዚህ እንስሳቱ ሸንጎ ተቀምጠው፣ "ምንጩ ሳይደርቅ ሁላችንም በየማለዳው እዚህ አጠገባችን ያለችውን ጉብታ እየሮጥን እንውጣ፤ ገላችን አቀበት ይልመድ" ብለው ወሰኑ። አጨበጨቡም። ማጨብጨብ አያደክምምና የቀረ አልነበረም።

በማግስቱ አያ ሰንጋ ጉብታዋን ሊወጣ ተነሣ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ልቡ እንደ ነጋሪት ደለቀ፣ ላቡም በጆሮው ሥር ወረደ። ሌላው ቀን ሲነጋ ጭኑ ተሳስሮ ከተኛበት መነሣት አቃተው። ወዲያው የጫካውን ሐኪም እመት ጦጢትን አስጠራ። ሐኪም ያሰኛት ቅጠል መበጠሷ ብቻ ነው።

"ልቤ ደለቀ፤ ጭኔም ታመመ። ምን አገኘኝ?" አላት።

ጦጢት ጭኑን ነካ ነካ አደረገችና ራሷን ነቀነቀች። "ጌታዬ፣ ይኼ የሩጫ በሽታ ነው። ሩጫ ለተራ እንስሳ እንጂ ለእርስዎ ዓይነት ገላ አልተፈጠረም። የሸንጎ ውሳኔ ነውና አለመሮጥ ደግሞ ነውር ነው።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ውክልና ይስጡ! ፍርድ ቤት የሚቆምልዎ ነገረ ፈጅ አለ፤ ለቅሶ የሚደርስልዎ ዘመድ አለ፤ የሚሮጥልዎ እንዴት ይጠፋል?"

አያ ሰንጋ ደስ አለው። ፍየልን አስጠርቶ፣ በኮቴው እንደ ማኅተም ጭቃ ላይ ረገጠና "ከዛሬ ጀምሮ የእኔን ሩጫ አንቺ ትሮጫለሽ" አላት። ፍየል ለአንድ አሞሌ ጨው እናቷን የምትሸጥ ናት። ጨውዋን ላሰችና እሺ አለች።

እሷንም መጀመሪያ አመማት። እግሯ እየተንቀጠቀጠ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ "ሞትኩልዎ ጌታዬ!" ብላ ጮኸች።

"በርቺ፤ የምትታመሚው የእኔን ሕመም ነው" አላት፣ ጥላ ሥር ተጋድሞ እያመሰኳ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ግን ሕመሙ ለቀቃት። ትናንት ያንገዳገዳት ጉብታ ሜዳ ሆነላት፤ ልቧም ረጋ ብሎ መምታት ጀመረ። ገላ እንዲህ ነው። ሲያስጨንቁት ይጮኻል፤ ሲያሳርፉት ደግሞ የተጎዳውን ይጠግንና ከቀድሞው ጠንክሮ ይነሣል። ፍየል ይህን አውቃ አይደለም። የጠቀማት ስንፍናዋ ነው፤ ከጉብታው እንደወረደች ትዘረራለችና። አህያ ግን ምስጉን ለመባል ቀን ከሌት ያለ ዕረፍት ሲሮጥ ከርሞ እግሩ አብጦ ወደቀ። ጦጢትም "አላልኳችሁም?" እያለች በየዛፉ ዞረች።

ከዚያ ወዲያ ባለ ክብር ሁሉ ወኪል ያዘ። ጎሽ በድኩላ ሮጠ፤ ከርከሮ በጥንቸል። አያ ሰንጋ የፍየልን ባት እያየ "እግሬ እንዴት ጠነከረ!" ይል ነበር። በሸንጎ ፊትም "ዘንድሮ እንደ እኔ የሮጠ የለም" ብሎ ተናገረና የአበባ ጉንጉን አጠለቁለት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ይኼ እንኳ ወረቀትም የለው፤ ጭቃ ነው የያዘው።

የተፈራው ቀን ደረሰና ምንጩ ደረቀ። አያ ሰንጋ በጉንጉኑ አጊጦ ፊት ፊት መራ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ልቡ ደለቀ፤ ጠባቡ ቦታ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ከዳው። ጎሽና ከርከሮ ይህን አይተው ወደ ደረቀው ምንጭ ተመለሱ። ፍየል ግን በጎኑ እየዘለለች አልፋ ሄደች።

"አንቺ ፍየል! ውረጂና አውጪኝ!" ብሎ ጮኸ።

ፍየል ከገደሉ አናት ጢሟ ውሃ እያንጠባጠበ ብቅ አለች። "ጌታዬ፣ እንኳን ደስ አለዎ! ወጥተዋል እኮ!"

"ውሃ ጠማኝ!"

"እሱንም ጠጥቼልዎታለሁ! እንዴት ይጣፍጣል መሰለዎ!"

አያ ጅቦ ከዋሻው ወጣ። ሰንጋ ያለ የሌለ ክብሩን ሰብስቦ "ጉዳይ ካለህ ወኪሌን አነጋግር" አለው።

"እኛ ቤት ውክልና የለም፤ ሁሉም በገዛ ጥርሱ ነው የሚበላው" አለ ጅቦ። በላውም። ጉንጉኑን ብቻ ተፋው።

ኩሬው ዳር የደረሱት እንስሳት ተሰብስበው ባለ ብርቱ እግሯን ፍየል ሾሟት። ውሃው ከላይ፣ ሣሩ ከታች ነውና ያ መንገድ መወጣት መወረዱ አልቀረም። ለሰብሳቢዋ ግን ሣሩ ተለቅሞ ይመጣላት ጀመር። እየተኛች በላች፤ ሆዷ ተንዘረጠጠ፣ ባቷም ሟሸሸ። ገላ ያልሠሩበትን መልሶ ይወስዳል። አንድ ማለዳ ትንሽ ዳገት ብትወጣ ልቧ ደለቀና ደነገጠች። ከዛፍ ዛፍ እየዘለለች ገደሉን የወጣችው እመት ጦጢት ተጠራች። ጭቃ ተለወሰ፣ በኮቴ ተረገጠ፣ ሚዳቋም ወኪል ተባለች።

የጅቦ ሚስት ከዋሻው ደጅ ሆና ይህን ሁሉ ታይ ነበር። "ያቺ ፍየል ስንት ጊዜ በደጃችን እየዘለለች አመለጠችን! ተነሥ እንጂ፣ እንሩጥባት!" አለችው።

አያ ጅቦ እያዛጋ መለሰላት፦ "ምን ያስሮጠናል? ተያት፤ ሹመት እያደለበልን ነው።"