የእትዬ ተናኜ መንትያ ድስቶች

ምግብ የሚበላ በየሰፈሩ ሞልቷል፤ ምግብ የሚመረምር ግን ፈጣሪ ለአንድ ሰፈር አንድ ብቻ ነው የሚሰጠው። ሁለት ቢሰጥ ኖሮ ሰፈሩ በረሃብ ባለቀ ነበር። እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። ጉርሻው አፋችሁ ሊደርስ ሲል ክንዳችሁን ያዝ አድርገው «ቆይ፣ ይኼ የማን እጅ ነው?» የሚሉት ናቸው።

ለእኛ ለቆቦዎች የደረሱን ክብርት እትዬ ተናኜ ናቸው፤ የቅመም ዳኛ፣ የቅቤ ዓቃቤ ሕግ፣ የሱቅ ዕቃ ባላጋራ። በእሳቸው ሕግ ምግብ ማለት እናትና አባቱ የሚታወቅ ነገር ነው። ማሩ የየትኛው ቀፎ፣ ሽንኩርቱ የማን ማሳ፣ በርበሬውን ማን ቀጠቀጠው? የፈረንጅ ዶሮ ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። «ዘመድ የላት፣ አገር የላት! ምን ብዬ ነው ለእንግዳ የማስተዋውቃት?»

አንድ ቀን ገበያ አብሬያቸው ብወርድ አንዲት በለስ ሻጭ ያዙ።

«ይኼ በለስ የየትኛው ገደል ነው? ጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው ወይስ ማታ?»

«እማማ፣ እኔ ስቀጥፍ ገና አልነጋም ነበር፤ ፀሐይዋን አላገኘኋትም» አለች ልጅቱ።

ዋጃ ሰርግ ተጠርተው ሄደው ደግሞ ድፎውን አንስተው፣ አሽትተው፣ «ይኼን ዳቦ ማሽን ነክቶታል» ብለው መለሱት። የሙሽራው እናት እስከ ዛሬ ሰላም አትላቸውም። ጎረቤታችን ቢኒያም ባለፈው ፋሲካ ከኬክ ቤት ቶርታ ይዞላቸው መጣ። እትዬ ተናኜ ቶርታውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ ነጠላ አለበሱትና «ነፍስ ይማር» አሉ።

እኔ ግን ከድሮም ግጥም ካየሁ የማላልፍ ሰው ነኝና በራቸውን ባለፍኩ ቁጥር በልቤ አንዲት ስንኝ አዜም ነበር፦

ማሩ ከዞብል ነው፣ ቅቤውም ከቆላ፣
ተናኜ ሳትፈቅድ ማን ደፍሮ ይበላ።

ዘንድሮ ፍልሰታ ቅዳሜ ዋለች። ነሐሴ ውስጥ ቆቦን ላላየ ሰው ምን ብዬ ልንገረው? ማሽላው ሜዳውን ሞልቶ፣ ዝናቡ ከዞብል ተራራ ራስ ላይ እንደ ነጠላ ተንጠልጥሎ፣ ለፍልሰታ ደጅ ለደጅ እየዞሩ የሚዘፍኑት የሶለል ልጃገረዶች ከበሮ ሲመታ፣ ሰው ጾሙን ፈትቶ ቅዳሜን ከእሁድ ጋር አጋብቶ ይበላል። እትዬ ተናኜም ለዚህ በዓል ከሰኔ ጀምሮ ቅቤ ሲያነጥሩ፣ ቅመም ሲያሰጡ ከርመዋል። ዘንድሮ ደግሞ የተለየ ምክንያት ነበራቸው። የልጅነት ጓደኛቸውና የግድግዳ ጎረቤታቸው እትዬ ራህመት ክረምቱን ደሴ ሆስፒታል ተኝተው ቆይተው ገና መመለሳቸው ነው። ምግብ እምቢ ብሏቸው አጥንታቸው ብቻ ቀርቷል። ሐኪሙ «የወደዱትን ይብሉ» ቢላቸው፣ «የተናኜን ዶሮ» አሉ።

በእኛ አገር ክርስቲያንና ሙስሊም አንድ ለቅሶ ይቀመጣል፣ አንድ ሰርግ ይጨፍራል። ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም የራሱን ቢላ ያነሣል። ስለዚህ አንዷን ዶሮ የእትዬ ተናኜ ባል አያ አስፋው በስመ አብ ብለው አረዱ፤ ሁለተኛዋን የእትዬ ራህመት ልጅ ነጅሙዲን መጥቶ ቢስሚላህ ብሎ አረደ። ወጡ በሁለት ድስት ተሠራ። ድስቶቹ ጎብዬ ገበያ ከአንድ ሸክላ ሠሪ የተገዙ መንትዮች ናቸው፤ የእትዬ ራህመትን የሚለየው ጆሮው ላይ የታሰረው አረንጓዴ ጨርቅ ብቻ ነው።

እንግዳው ተሰብስቦ፣ እትዬ ራህመት በልጃቸው ተደግፈው ገብተው፣ ወጡ ሊቀርብ ሲል ከማድ ቤት የእትዬ ተናኜ ጩኸት ተሰማ።

«ሕይወት! ጨርቁ የታለ?»

ሕይወት ከወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ለክረምት የመጣች የእትዬ ተናኜ ልጅ ናት። «ጥላሸት ጠጥቶ ነበር እኮ እማ። በዓል አይደል ብዬ ፈትቼ አጠብኩት። ማማሰያዎቹንም አብሬ አጠብኳቸው።»

«ድስቱስ የቱ ነበር?»

«ጣራው ሲያፈስ ሁለቱንም ከቦታቸው አነሣኋቸው...»

ድስቶቹ እንግዳው ፊት ቀረቡ። አንድ ቅቤ፣ አንድ በርበሬ፣ አንድ እጅ፤ መልካቸውም ሽታቸውም አንድ። እትዬ ራህመት ፈገግ አሉ።

«ምን ያስጨንቅሻል ተናዬ? አንቺ አሽትተሽ ይኼ ነው ካልሽኝ እበላለሁ። ወላሂ ከዓይኔ ይልቅ አፍንጫሽን አምናለሁ።»

ይህን ጊዜ የሶለል ልጃገረዶች ደጁ ደርሰው ከበሯቸውን መቱ፦

ሶለል ብለን መጣን፣ ቆመናል ከደጅሽ፣
ሩቅ አገር ሰማነው መጣፈጡን እጅሽ።

እትዬ ተናኜ ጎንበስ ብለው ቀኙን አሸተቱ። ግራውን አሸተቱ። እንደገና ቀኙን። ጣታቸውን ወደ አንዱ ቢቀስሩ ማንም አይከራከራቸውም። ስማቸው እንደተከበረ ይኖራል፤ የታመመችውም ጓደኛቸው ትበላለች።

ቀና አሉ። «አላውቅም» አሉ።

የቆቦ ሰው ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ ሰምቶ አያውቅም። አያ አስፋው ራሱ «ምን አልሽ?» አሉ።

«አላውቅም አልኩ! በጨው እገምታለሁ፣ በሃይማኖቷ ግን አልገምትም። አንሱልኝ ሁለቱንም።» ወዲያው ደግሞ ወደ ልጃቸው ዞር አሉ፦ «ምን ትገተሪያለሽ? ሱቅ ሂጂና ፓስታ አምጪ!»

ፓስታ! በዚያ ቤት!

ድስቶቹን አያ አስፋው በሐዘን ወደ ጓሮ ሸኟቸው፤ የሰፈሩ ውሾች እንደዚያ ቀን በዓል አክብረው አያውቁም። ፓስታው በቲማቲም ተሠርቶ፣ እንጀራ ላይ ተደርጎ መጣ። ያኔ ነው አንድ ነገር ያስተዋልኩት። እነዚህ ሁለት ሴቶች በዓል በመጣ ቁጥር ጎን ለጎን ቢቀመጡም ትሪያቸው ሁለት ነበር። ዛሬ ሥጋ የለም፤ ትሪው አንድ ሆነ። ዓይኔ ውሃ ሞላ፤ የሽንኩርቱ ነው ብያለሁ። እኚህን ሴትዮ ስንት ጊዜ አምቻቸዋለሁ! እሳቸው የሌሉበት በዓል ግን ጨው የለውም።

እትዬ ራህመት በቀጭን እጃቸው ጠቀለሉ። ግማሹ ፓስታ እየተንሸራተተ፣ በግድ ሰብስበው ጓደኛቸውን አጎረሱ። እትዬ ተናኜ ዓይናቸውን ጨፍነው አኘኩ። ፍርዱን ለመስማት ሁላችንም ወደ ትሪው ጠጋ አልን።

«እሺ፣ እንዴት ነው?» አሉ እትዬ ራህመት።

«ዝም በይና ድገሚኝ።»