ቀን ያለው ቀበሮ

ተማሪ እንዳያንቀላፋ መምህር የማይሆነው ነገር የለም። ይቀልዳል፣ ይቆጣል፣ ሲብስበትም ይዋሻል። ተምራችሁ ከሆነ ታውቁናላችሁ። እኔ ንፋስ መውጫ ላይ ባዮሎጂ ሳስተምር ስንት ዓመቴ፤ ለተማሪ የማሳየው ግን አልኮሉ ተንኖባት የደረቀች አንዲት እባብ ብቻ ነበረችኝ።

ዘንድሮ ታብሌት ተሰጠን። ካሜራውን ወደ ጠረጴዛ ስታዞሩት፣ በሩቅ አገር ሙዚየም የተቀመጠ እንስሳ ከነጸጉሩ ጠረጴዛው ላይ ቆሞ ይታያችኋል፤ ትዞሩታላችሁ፣ ጥርሱን ትቆጥራላችሁ። ከዚሁ ከጉና ተራራ የተወሰደ ቀይ ቀበሮም አለበት። «ሙት የሚያስነሳ ታብሌት መጣላችሁ!» ብዬ ፎከርኩ። ክፍሉ ሳቀልኝ። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው!

የትምህርት ቤታችን ጽዳት ሠራተኛ እትዬ አገሬ በር ላይ ቆመው ሰምተውኝ ኖሯል። ልጃቸው ርቆ በሄደበት በጥይት መሞቱን ያረዷቸው በቅርቡ ነው። ሬሳው አልመጣም፤ ያለቀሱት ልብሱን አልጋ ላይ ዘርግተው ነው። ተማሪው ሲወጣ ገቡና ከነጠላቸው ጫፍ የልጁን ጉርድ ፎቶ ፈትተው ሰጡኝ።

«መምህር፣ አንዴ ያስነሱልኝ። አላስቸግርም፣ ልየው ብቻ።»

አፈርኩ፤ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ቀበሮው የሚታየው ሬሳው ተገኝቶ ስለተጠበቀ መሆኑን እየተንተባተብኩ አስረዳሁ። እንዲገባቸውም ቀበሮውን ጠረጴዛው ላይ አቆምኩላቸው። እሳቸው ግን ከእግሩ ሥር ያለችውን ጽሑፍ በጣታቸው አመለከቱ።

«ይቺ ምን ትላለች?»

«የተገኘበት ቦታና የሞተበት ቀን ናት።»

«ታድሎ! አርባው ይታወቃላ። እኔን ካህናቱ ቀኑን አምጪ ይሉኛል፤ ከየት ላምጣው? አንቱ የተማሩ ነዎት፣ ለልጄም ቀን ይጻፉለት።»

በእኛ ሙያ የማይታወቅን ቀን እንደታወቀ አድርጎ ከመጻፍ የከፋ ነውር የለም፤ የሐሰት ቀን የተጻፈለት እንስሳ ከሙዚየሙ ስብስብ ቢወጣ ይሻላል ብዬ ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ። ከፎቶው ጀርባ ጻፍኩላቸው። አርባው እንዳያልፍባቸው አስልቼ፣ ቅርብ ቀን መረጥኩ።

ተዝካሩ ላይ ተጠራሁ። ቄሱ ያችኑ ቀን ከነወሩ ጠርተው ጸለዩ። እኔም ከሰው ጋር አሜን አልኩ።