ኦቦ ሆርዶፋና ሰባቱ ተራ ቁጥሮች

መመሪያ ሲወጣ ሰው ሁሉ ይሰማል፤ ሰምቶም ወደ ሥራው ይሄዳል። በየከተማው ግን መመሪያን ከነነጥቡ የሚያምን አንድ ሰው አይታጣም። ለሌላው ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ነው፤ ለዚህ ሰው ግን የሚፈጸም ነገር ነው። በእጃጂ ከተማ ይህ ሰው ክቡር ኦቦ ሆርዶፋ ነበሩ፤ የወጣቶች አዳራሽ ኃላፊ፣ ጸሐፊ፣ ዘበኛና ቁልፍ ያዥ። አራቱንም ሥራ የሚሠሩት በአንድ ቡናማ ኮት ነው።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ በአንዱ በጋ ማጅራት ገትር አገሩን አስፈራራውና አዳራሹ ሁለት ወር ተዘጋ። የቅዳሜው ቪዲዮ ቀረ፤ የጠረጴዛ ቴኒሱም ጠረጴዛ አቧራ ለበሰ። ሕዝቡ ተከትቦ ሲያበቃ ሚያዝያ ላይ ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣ። አዳራሹ ይከፈት፤ ነገር ግን ሰባት ተራ ቁጥሮች ይከበሩ። አንዱ ቢጣስ ተመልሶ ይታሸጋል።

ደብዳቤው ሲመጣ ከሁሉ በላይ የተደሰተችው መምህርት ጊፍቲ ነበረች፤ የሴቶቹ ጠረጴዛ ቴኒስ አሠልጣኝ። ግንቦት ሳያልቅ የጎረቤቷን ከተማ የሸነንን ልጆች ካላሸነፉ አምቦ ላይ ለሚደረገው የዞን ውድድር አያልፉም። አዳራሹ ከታሸገ ደግሞ ሸነን ያለ ጨዋታ ታልፋለች። ደስታዋ ግን ኦቦ ሆርዶፋ መነጽራቸውን እስኪያደርጉ ድረስ ብቻ ነው የቆየው።

«ተራ ቁጥር አንድ፦ መስኮቶች በሙሉ ክፍት ይሁኑ» ብለው አነበቡ።

መስኮቶቹ ቀለም ከተቀቡ ወዲህ ተከፍተው አያውቁም። ዲጂኖ አመጡ። አምስቱ ተከፈቱ፤ ስድስተኛው ከነፍሬሙ ውጭ ወደቀ። ኦቦ ሆርዶፋ ቀዳዳውን ትንሽ ተመለከቱና «ይኼኛው ከመመሪያው በላይ ተከፍቷል» አሉ።

በማግስቱ ልምምድ ሲጀመር ከአንድ ወገን የሚገባው ንፋስ ኳሱን እየነጠቀ ግድግዳ ላይ ይለጥፈው ጀመር። ጊፍቲ ለመነች።

«ማሎ፣ ኦቦ ሆርዶፋ፣ ሁለቱን እንኳ ይዝጉልን። ኳሱ አልያዝ አለ!»

«መምህርት፣ መመሪያው የሚናገረው ስለ አየር ነው፤ ስለ ኳስ ምን ይላል?»

ምንም አይልም። ልጆቹ ከንፋሱ ጋር መጫወትን ይማሩ ጀመር።

ተራ ቁጥር ሁለት የክትባት ካርድ ነበር። አንድ ቅዳሜ ለቪዲዮ የመጣው ጤና ረዳቱ ኩምሳ ካርዱን ቤት ረስቶ በር ላይ ተያዘ። ከተማውን በሙሉ የከተበው እሱ ነው።

«ኦቦ ሆርዶፋ! እርስዎንም የከተብኩት እኔ ነኝ እኮ!»

«እኔን መክተብህን ካርዴ ይመሰክራል። አንተ መከተብህን ማን ይመሰክራል?»

ኩምሳ ካርዱን ይዞ ሲመለስ ፊልሙ አልቆ ሰው እየወጣ ነበር።

ተራ ቁጥር ሦስት በተቀማጮች መካከል አንድ ክንድ ይሁን ይላል። ኦቦ ሆርዶፋ አግዳሚዎቹን በገዛ ክንዳቸው ለክተው በጠመኔ ቁጥር ጻፉባቸው። በዚያ ሰሞን እጃጂ ውስጥ ማን የት እንደተቀመጠ ከልብሱ ኋላ ይነበብ ነበር።

የጨዋታው ቀን ደረሰ። ደብዳቤው የሚፈቅደው ሠላሳ ሰው ነው፤ ተጫዋቹም፣ ዳኛውም፣ ተመልካቹም ተደምሮ። ኦቦ ሆርዶፋ ቆጠሩ፤ ልክ ሠላሳ። በሩን ሊዘጉ ሲሉ አንድ ገበሬ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ደረሰ። የጊፍቲ ዋና ተጫዋች የሃዊ አባት ነው፤ ቦጂያ ይባላል። ልጁ ከተማ ቤት ተከራይታ የምትማረው ቴኒስ እንድትጫወት እንዳልሆነ ሲናገር ከርሟል። ዛሬ በዓይኑ አይቶ ሊወስን ነው የመጣው። ካርዱን በላስቲክ ጠቅልሎ ይዟል።

«ካርድህ ደኅና ነው። ግን ሞልቷል» አሉት ኦቦ ሆርዶፋ።

ጊፍቲ እየሮጠች መጣች። «አባቷ ነው! አምስት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ!»

«መመሪያው ስለ አባት አይናገርም።»

«እንግዲያው እኔ እወጣለሁ!»

«አሠልጣኝ ከሌለ ጨዋታው አይጸድቅም። የእናንተው ደንብ ነው፤ አንብቤዋለሁ።»

ጊፍቲ በሕይወቷ ሰው ለመምታት የቃጣት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ኦቦ ሆርዶፋ ደብዳቤውን ከኪሳቸው አወጡ። ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ገልብጠውም ጀርባውን አዩ።

«የአዳራሹ ኃላፊ ውስጥ መገኘት አለበት የሚል የለም» አሉ ቀስ ብለው። ቦጂያን ክንዱን ይዘው አስገቡትና እሳቸው ወጡ። በሩንም ከውጭ ዘጉት።

ወዲያው ዝናቡ ወረደ፤ ያውም በረዶ የቀላቀለ።

ወሳኙን ጨዋታ የምትጫወተው ሃዊ የመጀመሪያውን ዙር ተሸነፈች። ዓይኗ ከአባቷ ላይ አልነቀል ብሏት ነበር። ሁለተኛውን ንፋሱ ረዳት፤ የሸነኗ ልጅ ኳሷ መንገድ ላይ ሲታጠፍባት ግራ ገባት። ሦስተኛው ዙር ሃያ ለሃያ ደረሰ። ተራ ቁጥር ሰባት በአዳራሹ ውስጥ መጮህን ስለሚከለክል ሠላሳው ሰው ትንፋሹን ውጦ ተቀምጧል። በዚህ መሐል ፍሬም አልባው መስኮት አጠገብ ከውጭ አንድ ድምፅ ፈነዳ።

«ሃዊ! ጀባዱ! በርቺ ልጄ!»

ኦቦ ሆርዶፋ ነበሩ። ውኃ ከአፍንጫቸው ይንጠባጠባል።

ከሸነን የመጣው ዳኛ ፈይሳ ጨዋታውን አቆመ። «ማነው የሚጮኸው? መጮህ ክልክል አይደለም እንዴ?»

«ክልክሉ በአዳራሹ ውስጥ ነው» አለች ጊፍቲ። «እሳቸው ውጭ ናቸው። ከፈለግህ ደብዳቤውን ላንብብልህ።»

ፈይሳ ደብዳቤውን አልፈለገም። ሃዊ ሃያ ሁለት ለሃያ አሸነፈች። ቦጂያ ካርዱን መልሶ በላስቲክ ጠቀለለና ጊፍቲን «አምቦ የምትሄደው መቼ ነው?» ሲል ጠየቃት።

ጊፍቲ ስትወጣ ኦቦ ሆርዶፋ ኮታቸው ሰውነታቸው ላይ ተጣብቆ ይንቀጠቀጣሉ። የቡድኑን ቀይ የቱታ ጃኬት አለበሰቻቸው። እጅጌው ክርናቸው ላይ ነው የቀረው። እንደዚያ ሆነው ከተማውን አቋርጠው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት መጡ። ጃኬቱ ታጥቧል፤ ተተኩሷልም። ሲያስረክቡ የሚፈረምበት ወረቀት በሁለት ኮፒ አዘጋጅተዋል።

ጊፍቲ አልፈረመችም። ከመሳቢያዋ ንጹሕ ወረቀት አውጥታ ጻፈች፦ «ኦቦ ሆርዶፋ ከዛሬ ጀምሮ የቡድኑ አባል ስለሆኑ ጃኬቱ በቋሚነት ተሰጥቷቸዋል።» ቀን ጻፈችበት፤ ፈረመች፤ የቡድኑን ማኅተም አሳረፈችበት።

ኦቦ ሆርዶፋ መነጽራቸውን አደረጉ። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ስህተት ፈለጉ፤ አላገኙም።

ጃኬቱን ለበሱ።